ታዳሚና አድማጭ፦ የቨርዲ «አይዳ»፣ ዘፋኞቿና እየሳሳ የመጣው የኦፔራ አዳራሽ

ኦፔራ የተውኔቱ ቃል ከሞላ ጎደል በሙሉ በዜማ የሚነገርበት፣ ዘፋኞች በኦርኬስትራ ታጅበው ያለ ድምፅ ማጉያ የሚተውኑበት የመድረክ ጥበብ ሲሆን፣ ከአራት መቶ ዓመታት በላይ በአውሮፓ፣ ኋላም በአሜሪካ ሥር ሰዶ ኖሯል። ዛሬ ስለዚህ ጥበብ ከሚጻፈው አብዛኛው የሚያጠነጥነው በአንድ ስጋት ዙሪያ ነው፤ ይኸውም የአዳራሾቹ ወንበሮች እየተራቆቱ መሄዳቸው ነው። ስጋቱ መሠረት አለው። ሆኖም ራስ እየቆጠሩ ብቻ የጥበቡን ጤንነት መለካት የጎደለው ምን እንደሆነ ሳይለዩ ስለ ጉድለቱ መጨነቅ ይሆናል። አማርኛ በዚህ ረገድ ሊለዩ የሚገባቸው ሁለት ቃላት አሉት። ታዳሚ የሚባለው ተጠርቶም ይሁን ከፍሎ በሥፍራው የተገኘ ሰው ነው፤ አድማጭ ግን የሚሰማውን ቀድሞ ከሰማው ጋር የሚያስተያይ፣ የሚጠብቀው ነገር ያለው፣ ሲጎድልበት የሚያውቅና ሲሞላለት የሚረካ ነው። የኦፔራ ቤቶች የሒሳብ መዝገብ የሚያሳየው የታዳሚውን መቀነስ ቢሆንም ጥበቡን ይበልጥ የሚጎዳው የአድማጩ መመናመን ነው፤ ከዚህም የከፋው ደግሞ ታዳሚን ለመሳብ ከሚወሰዱት እርምጃዎች አንዳንዶቹ አድማጭን የሚያሳጡ መሆናቸው ነው። ይህን ለማሳየት ከጣሊያናዊው የሙዚቃ ደራሲ ከጁሴፔ ቨርዲ «አይዳ» የተሻለ ሥራ ማግኘት ያስቸግራል። ምክንያቱም በአንድ ድርሰት ውስጥ ታዳሚን የሚጠራው ታላቅ ትርኢትና አድማጭን ብቻ የሚያናግረው ረቂቅ ዜማ ጎን ለጎን የተቀመጡበት ነው፤ ባለታሪኳም የኢትዮጵያ ንጉሥ ልጅ በመሆኗ ለአማርኛ አንባቢ ጉዳዩ ፈጽሞ የሩቅ አይደለም። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ቀናትና ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሥራው የተወለደው በካይሮ ነው። የግብፅ ገዥ የነበረው ከዲቭ ኢስማኢል በ1869 ያስከፈተውን የኦፔራ ቤት የሚያስጠራ አዲስ ድርሰት ሲፈልግ፣ የታሪኩን ንድፍ ያዘጋጀው ፈረንሳዊው የጥንታዊት ግብፅ ተመራማሪ ኦጉስት ማሪዬት ነበር፤ ሊብሬቶውን፣ ማለትም የሚዘፈነውን ግጥምና ቃለ ተውኔት፣ በጣሊያንኛ የጻፈው ደግሞ አንቶኒዮ ጊስላንዞኒ ነው። ቨርዲ ለሥራው 150,000 ፍራንክ ተከፈለው። አልባሳቱና የመድረኩ ዕቃ የተሠሩት በፓሪስ ስለነበር ከተማዋ በፕሩሲያ ጦር ስትከበብ ሁሉም እዚያው ተይዞ ቀረ፤ በዚህ ምክንያት ዘግይቶ «አይዳ» ለመጀመሪያ ጊዜ የታየው ታኅሣሥ 24 ቀን 1871 ሆነ። ደራሲው በሥፍራው አልተገኘም። በካይሮው ምሽት አዳራሹን የሞሉት ሹማምንት፣ የተጋበዙ እንግዶችና ከአውሮፓ የመጡ ጋዜጠኞች መሆናቸውን፣ ተራው ሕዝብ አለመኖሩን ሲሰማም አልተደሰተም፤ ለእሱ እውነተኛው ፈተና የካቲት 8 ቀን 1872 በሚላኑ ላ ስካላ፣ ዜማ ሲያጣጥም ባደገ ሕዝብ ፊት የተደረገው ነበር። ታዳሚና አድማጭ አንድ እንዳልሆኑ ሥራው ገና ከመወለዱ ደራሲው ራሱ ያውቅ ነበር ማለት ነው።

ታሪኩ አጭር ነው። አይዳ በጦርነት ተማርካ በግብፅ ቤተ መንግሥት የንጉሡን ልጅ አምኔሪስን የምታገለግል ባሪያ ሆናለች፤ የኢትዮጵያ ንጉሥ የአሞናስሮ ልጅ መሆኗን ግን የሚያውቅ የለም። የግብፁ የጦር አዝማች ራዳሜስ ይወዳታል፤ አምኔሪስም ራዳሜስን ትወዳለች። ራዳሜስ ኢትዮጵያውያንን ድል ነሥቶ ሲመለስ ከምርኮኞቹ መካከል ማንነቱን የሰወረው አሞናስሮ ይገኛል፤ በአባይ ዳርም አባት ልጁን የወዳጇን የጦር ምሥጢር እንድታወጣለት ያስገድዳታል። ምሥጢሩ ይወጣል፣ ራዳሜስ ይከሰሳል፣ በሕይወቱ እንዲቀበር ይፈረድበታል፤ አይዳም ቀድማው መቃብሩ ውስጥ ገብታ ተደብቃ ከእሱ ጋር ትሞታለች።

የዚህ መድረክ «ኢትዮጵያ» የአክሱም ወይም የጎንደር ኢትዮጵያ እንዳልሆነች ልብ ማለት ያስፈልጋል። ማሪዬት ያሰበው ግሪኮች በዚህ ስም ይጠሯት የነበረችውን፣ ከግብፅ ደቡብ የነበረችውን የኩሽ ምድር ነው። የአሞናስሮ ስም እንኳ የተገኘው በአሁኑ ሱዳን ከሚገኘው ከጀበል ባርካል ተወስደው ዛሬ በብሪቲሽ ሙዚየም ከቆሙት ሁለት የድንጋይ አንበሶች ላይ ከተቀረጸ የኩሽ ንጉሥ ስም ነው፤ በዛሬው አነባበብ ስሙ አማኒስሎ ነው። ይሁንና የከዲቩን ምኞት ለሚያውቅ ሰው ስሙ ንጹሕ የጥንት ስም ብቻ ሆኖ ሊታየው አይችልም። ግብፃውያን በመድረክ ላይ ኢትዮጵያውያንን ድል ሲያደርጉ ከታየ አራት ዓመት ሳይሞላ የኢስማኢል ሠራዊት፣ ከአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት የተረፉ መኮንኖችን ጭምር ይዞ፣ በእውነተኛይቱ ኢትዮጵያ ላይ ዘመተ፤ በዐፄ ዮሐንስ አራተኛ ጦርም በ1875 ጉንደት ላይ፣ በ1876 ደግሞ ጉራዕ ላይ ተደመሰሰ። የሥነ ጽሑፍ ሐያሲው ኤድዋርድ ሳይድ በ1993 ባሳተመው «ባህልና ኢምፔሪያሊዝም» በተሰኘው መጽሐፉ «አይዳ» የቅኝ ግዛት ዘመን ዕቃ መሆኗን ሲያስረዳ ይህን የከዲቩን ፖለቲካ በጥንቃቄ ተከታትሏል። ፖል ሮቢንሰን የተባለው አሜሪካዊ ምሁር ግን ክርክሩን ወደ ዜማው ወስዶ፣ ቨርዲ ለወራሪዎቹ ግብፃውያን የሰጣቸው ሙዚቃ ራሱ አውሮፓዊ የሆነ፣ ጥርብና ቀጥ ያለ የሰልፍ ሙዚቃ መሆኑን፣ ርኅራኄው ሁሉ ያረፈውም በተወረሩት ላይ መሆኑን አሳይቷል። ሁለቱም አንባቢዎች ትልቅ ናቸው። ጆሮ የሚመሰክረው ግን ለሁለተኛው ነው። የአገሯን ሰማይና ሸለቆ ዳግም እንደማታይ እያሰበች የምትዘፍነዋን ሴት የሰማ ሰው የደራሲው ልብ በየትኛው ወገን እንደቆመ ሊጠራጠር አይችልም።

እዚህ ላይ ወደ ድርሰቱ ውስጥ ጠልቆ መግባት ያስፈልጋል። «አይዳ» አራት ክፍሎች ያሏት ስትሆን፣ በሰፊው ሕዝብ ዘንድ የምትታወቀው በሁለተኛው ክፍል በሚገኘው የድል ሰልፍ ነው። ቨርዲ ለዚህ ትዕይንት ብቻ የሚነፉ ረጃጅም ቀጥ ያሉ መለከቶችን አሠርቷል፤ ሦስቱ በአንድ ቅኝት፣ ሦስቱ ደግሞ ከዚያ ከፍ ባለ ቅኝት የተቃኙ በመሆናቸው፣ የመጀመሪያዎቹ ዜማውን ጨርሰው ሁለተኛዎቹ ሲቀበሏቸው አዳራሹ በሙሉ ከፍ ያለ ይመስላል። ሠልፈኛው፣ ሠረገላው፣ ምርኮኛው፣ በአንዳንድ አዳራሾች ፈረሱ ሳይቀር በፊት ለፊት ያልፋል። ይህ ክፍል ሲያበቃ ግን ሥራው ፊቱን ያዞራል። ሦስተኛው ክፍል የሚጀምረው በሌሊት፣ በአባይ ዳር፣ ቫዮሊኖች አንዲቱን የሶል ድምፅ ብቻ በተለያየ ከፍታ እየመላለሱ ሲያርገበግቧት፣ በላይዋ ዋሽንት ሲያንጎራጉርና ከሩቅ ከቤተ ጣዖቱ የጸሎት ድምፅ ሲሰማ ነው። ከዚያ በኋላ እስከ መጨረሻው ድረስ፣ ከራዳሜስ ፍርድ ትዕይንት በቀር፣ መድረኩ ላይ የሚቀሩት በአብዛኛው ሁለት ወይም ሦስት ሰዎች ናቸው። በሌላ አነጋገር የዓለም ትልቁ የኦፔራ ትርኢት ተብሎ የሚሸጠው ሥራ ግማሽ ያህሉ በጓዳ ውስጥ እንደሚደረግ ጭውውት ያለ ነው። ለቅኔ ጆሮ ያለው አንባቢ ሰሙን አልፎ ወርቁን እንደሚፈልግ ሁሉ፣ አድማጩ ጉጉቱን የሚያቆየው ለዚህ ነው።

በአባይ ዳር የምትዘፈነው አሪያ «ኦ ፓትሪያ ሚያ» በሚል ስም የምትታወቀው ናት። አሪያ ገጸ ባሕርዩ ስሜቱን ብቻውን የሚገልጽበት ራሱን የቻለ ዜማ ሲሆን፣ ይህቺኛዋን ቨርዲ በመጀመሪያው ጽሑፉ ያላካተታት፣ ኋላ ክፍሉን ሲያሻሽል የጨመራት ናት። ወደ ማብቂያዋ የሶፕራኖዋ ድምፅ፣ ማለትም ከሴቶች ድምፅ ሁሉ ከፍተኛው፣ ደረጃ በደረጃ እየወጣ እስከ ላይኛው ዶ ድረስ ይደርሳል። ደራሲው እዚያ ላይ የጻፈው ትእዛዝ በጣሊያንኛ «ዶልቼ» የሚል ነው፤ «በጣፋጭነት፣ በለሰለሰ ድምፅ» ማለት ነው። አስቸጋሪነቱን ለመረዳት አንድ ሰው ተራራ ጫፍ ወጥቶ፣ ትንፋሹ ሳይቆራረጥ፣ በጆሮ እንደሚነገር ምሥጢር መናገር እንዳለበት ማሰብ ይበቃል። በሙሉ ጉልበት መጮህ ይቀላል፤ ብዙ ዘፋኞችም ይህን ያደርጋሉ፣ ታዳሚውም ያጨበጭባል። አድማጩ ግን የሚጠብቀው ሌላ ነው። ያ ድምፅ ለስልሶ ሲወጣ ባለታሪኳ ለራሷ ብቻ የምትናገር እንጂ ለሰው የምታሰማ አትሆንም፤ ሲጮህ ግን ቃሉ ያው ሆኖ ሳለ ትርጉሙ ይለወጣል፣ ስንብቱ ወደ እሮሮ ይቀየራል። በአንዲት ድምፅ ላይ የሚደረግ ይህን የሚያህል ክርክር ለውጪ ሰው የተጋነነ ሊመስል ቢችልም፣ የኦፔራ ሒስ ያረፈው እንዲህ ባሉ ነጥቦች ላይ ነው።

በቴነሩ፣ ማለትም ከፍተኛ በሆነው የወንድ ድምፅ፣ በኩልም ተመሳሳይ ፈተና አለ። ራዳሜስ ገና መጋረጃው እንደተከፈተ፣ ጉሮሮው ሳይሞቅ፣ ስለ አይዳ ውበት የሚዘፍነው አሪያ የሚያበቃው ሲ ቤሞል በሚባል ከፍተኛ ድምፅ ላይ ነው፤ ቨርዲ በዚህ ድምፅ ላይ የጻፈው ትእዛዝ ድምፁ እጅግ እንዲለዝብና እየሞተ እንዲሄድ የሚል ነው። ይህን የሚያደርጉ ቴነሮች ጥቂት ናቸው። ፍራንኮ ኮሬሊ ከኦርኬስትራ መሪው ከዙቢን ሜህታ ጋር ባስቀረጸው ሸክላ ላይ ድምፁን በሙሉ ኃይል ጀምሮ ሳያቋርጥ ወደ ሹክሹክታ ሲያወርደው ይሰማል። ሌላው የኦርኬስትራ መሪ አርቱሮ ቶስካኒኒ በ1949 ሥራውን በሬዲዮ ሲያሰማ ደግሞ ቴነሩ ሪቻርድ ታከር ቨርዲ ራሱ ለተቸገሩ ዘፋኞች ያቀረበውን አማራጭ ተጠቅሟል፤ ከፍተኛውን ድምፅ ከዘፈነ በኋላ የመጨረሻዎቹን ቃላት ከስምንት እርከን በታች በቀስታ ደግሟቸዋል። ሁለቱን ቅጂዎች አከታትሎ የሰማ ሰው የደራሲው ፈቃድ በሁለት መንገድ ሊፈጸም እንደሚችል፣ በጩኸት የሚያበቃው ሦስተኛው መንገድ ግን የቴነሩ እንጂ የደራሲው እንዳልሆነ ይረዳል። ከዚህ ሕግ የሚወጡ ድንቅ ስሕተቶችም አሉ። ሶፕራኖዋ ማሪያ ካላስ በ1951 በሜክሲኮ ሲቲ የድል ሰልፉን ትዕይንት ስትዘጋ ቨርዲ ያልጻፈውን እጅግ ከፍተኛ ሚ ቤሞል በመላው የዘፋኝ ጓድና በኦርኬስትራው ላይ አውጥታለች፤ ጽሑፉን የሚያከብር ሰው ሊያጸድቀው ባይችልም፣ ቅጂውን የሰማ ሁሉ ለምን ዛሬም ድረስ ከእጅ ወደ እጅ እንደሚዘዋወር ያውቃል።

ይህን ሁሉ የሚያስታውስ ጆሮ በሚላን ሎጆኒስቲ የሚል ስም አለው፤ ቃሉ የመጣው ሎጆኔ ከሚባለው፣ በላ ስካላ ጣሪያ ሥር ካለው ርካሽ ሰገነት ሲሆን፣ በዚያ የሚሰበሰቡት ሥራዎቹን በቃል የሚያውቁ ወዳጆች ናቸው። ታኅሣሥ 10 ቀን 2006 ቴነሩ ሮቤርቶ አላኛ የመግቢያውን አሪያ ዘፍኖ ሲያበቃ ከዚያ ሰገነት የተቃውሞ ጩኸት ወረደበት፤ እሱም መድረኩን ጥሎ ወጣ፣ ተተኪው አንቶኔሎ ፓሎምቢም የትወናውን ልብስ ለመልበስ እንኳ ጊዜ ሳያገኝ በለበሰው የመንገድ ልብስ መድረክ ላይ ተገኝቶ ከአምኔሪስ ጋር መዝፈን ጀመረ። ድርጊቱ በዓለም ጋዜጦች እንደ ቅሌት ተዘግቧል። በአንድ ሠራተኛ ላይ በአደባባይ መጮህ ጭካኔ መሆኑ አያከራክርም፤ ሰገነቱ የሚፈርደውም ሁልጊዜ በፍትሕ አይደለም። ነገር ግን ክስተቱን በጭካኔነቱ ብቻ የሚያልፈው ሰው አንድ ነገር ያመልጠዋል፤ እነዚያ ሰዎች የጮኹት አንዲት ሲ ቤሞል እንዴት መሰማት እንዳለባት የጋራ ትዝታ ስላላቸው ነው። ዛሬ በብዙ አዳራሾች የቀረበው ሁሉ፣ መልካሙም መናኛውም፣ በእኩል የቁም ጭብጨባ ይሸኛል። ይህ ጨዋነት ሊመስል ቢችልም ለዘፋኙ ያለው ፋይዳ አነስተኛ ነው፤ ላቀረበው ሁሉ የሚጨበጨብለት ሰው ምን እንደተሳካለት የሚያውቅበት መንገድ አይኖረውምና።

የዘፋኝና የአድማጭ ግንኙነት በሌላ መልኩ የታየው በሊዮንቲን ፕራይስ ነው። በሚሲሲፒ ግዛት በሎረል ከተማ በ1927 የተወለደችው ይህች ጥቁር አሜሪካዊት ሶፕራኖ ወደ ኒውዮርኩ ሜትሮፖሊታን ኦፔራ በ1961 ስትገባ መንገዱ የተከፈተላት ማሪያን አንደርሰን በ1955፣ ዕድሜዋ ከሃምሳ ሰባት ካለፈ በኋላ፣ በዚያ መድረክ የመጀመሪያዋ ጥቁር ዘፋኝ ሆና በመዝፈኗ ነበር። ፕራይስ በ1960 በላ ስካላ አይዳን ዘፍናለች፤ በኋላም ከሁሉ ሚናዎቿ የምታስበልጠው ይህችን እንደሆነ፣ የቆዳዋ ቀለም ራሱ የትወና ልብሷ እንደነበር ደጋግማ ተናግራለች። ጥር 3 ቀን 1985 ከኦፔራ መድረክ የተሰናበተችውም በአይዳ ነው፤ ዝግጅቱም በቴሌቪዥን ተላልፏል። በፊልሙ ላይ የአባይ ዳሯ አሪያ ስታልቅ ጭብጨባው ለደቂቃዎች ሳያባራ ይቀጥላል፤ ፕራይስም ገጸ ባሕርይዋን ላለመልቀቅ ስትታገል ፊቷ ላይ ይነበባል። ያ ሕዝብ ያጨበጨበው በዚያች ምሽት ለሰማው ብቻ አልነበረም። ከሃያ ዓመት በላይ ያቺኑ ዶ ከእሷ ሲሰማ ኖሯል፤ የሃምሳ ሰባት ዓመት ሴት ጉሮሮ ያንን ከፍታ እንዴት እንደያዘው ማድነቅ የሚችለው ከቀድሞው ጋር ማስተያየት የሚችል ነው። እንዲህ ያለ ጭብጨባ በገንዘብ አይገዛም፣ በማስታወቂያም አይመጣም።

የቆዳ ቀለም ነገር ከተነሣ አንድ ነጥብ መጨመር ተገቢ ነው። ነጭ ዘፋኞች አይዳንና አባቷን ለመምሰል ፊታቸውን ጥቁር የመቀባታቸው ልማድ ረጅም ዘመን ያለው ሲሆን፣ ሜትሮፖሊታን በ2015 «ኦቴሎ»ን ሲያቀርብ ልማዱን ትቷል። በጣሊያኑ የቬሮና አሬና ግን በ2022 በ«አይዳ» ዝግጅት ላይ በመቀጠሉ፣ ጥቁር አሜሪካዊቷ ሶፕራኖ ኤንጅል ብሉ እዚያ ልትዘፍን ከነበረው ሌላ ሥራ ራሷን አገለለች። አዘጋጆቹ ትውፊትን ሊጠቅሱ ይችላሉ፤ ሆኖም ኢትዮጵያዊነትን በቀለም ቆርቆሮ የሚፈልግ ዝግጅት ቨርዲ በዜማ ያስቀመጠውን አለመስማቱን ያሳያል፤ የአይዳ ባይተዋርነት በፊቷ ላይ ሳይሆን አገሯን ስትጠራ ድምፅዋ በሚሄድበት መንገድ ላይ ተጽፏልና።

አሁን ወደ ባዶዎቹ ወንበሮች መመለስ ይቻላል። በአሜሪካ ብሔራዊው የኪነ ጥበባት ድጋፍ ተቋም በየጊዜው በሚያካሂደው ጥናት መሠረት፣ በዓመት ውስጥ አንድ ጊዜ እንኳ ኦፔራ ያዩ አዋቂዎች በ2002 3.2 በመቶ የነበሩ ሲሆን፣ በ2017 2.2 በመቶ፣ በ2022 ደግሞ 0.7 በመቶ ሆነዋል፤ በመጨረሻው አኃዝ ላይ የኮሮና ወረርሽኝ ጥላ እንዳለበት መዘንጋት አይገባም። በ1943 የተመሠረተው የኒውዮርክ ሲቲ ኦፔራ በ2013 ከሰረ። ሜትሮፖሊታን ራሱ በ2022 መጨረሻ ከመጠባበቂያ ሀብቱ እስከ 30 ሚሊዮን ዶላር እንደሚያወጣና በተከታዩ ዓመት የዝግጅቶቹን ቁጥር በአንድ አሥረኛ ገደማ እንደሚቀንስ አስታወቀ። በዚያው ዓመት የእንግሊዝ የኪነ ጥበባት ምክር ቤት ለእንግሊዝ ብሔራዊ ኦፔራ ይሰጥ የነበረውን መደበኛ ድጎማ አቋርጦ ቡድኑ ከለንደን ውጭ መቀመጫ እንዲፈልግ ግፊት አደረገ።

የገንዘቡ ችግር ሥሩ ጥልቅ ነው። ዊልያም ቦሞልና ዊልያም ቦወን የተባሉ የኢኮኖሚ ባለሙያዎች በ1966 እንዳስረዱት፣ በፋብሪካ አንድ ሠራተኛ በሰዓት የሚያመርተው በየዓመቱ ሲጨምር፣ በመድረክ ጥበብ ግን ያው ሥራ ያንኑ ሰውና ያንኑ ሰዓት ይጠይቃል። «አይዳ»ን ለማቅረብ በ1872 ያስፈለገው የሙዚቀኛና የዘፋኝ ብዛት ዛሬም ያስፈልጋል፤ ደመወዙ ግን በኅብረተሰቡ ውስጥ ካለው ሌላ ደመወዝ ጋር እኩል መጓዝ አለበት። ስለዚህ ወጪው ከገቢው መቅደሙ የማንም ስንፍና ያመጣው ሳይሆን የጥበቡ ተፈጥሮ ነው፤ አዳራሹ ቢሞላ እንኳ ትኬት ብቻውን ወጪውን አይሸፍንም። ወንበር መሙላት ብቻውን መድኃኒት ያልሆነውም በዚሁ ምክንያት ነው።

የአድማጩ መመናመን ግን ሌላ ታሪክ አለው። ቀድሞ የኦፔራ ቤቶች የጀርባ አጥንት የነበሩት የዓመቱን ትኬት አስቀድመው በጥቅል የሚገዙ ቋሚ ደንበኞች ነበሩ። እንዲህ ያለው ሰው የሚወደውን ብቻ ሳይሆን የማያውቀውንም ይሰማል፤ «አይዳ»ንም በአሥር ዓመት ውስጥ ከአራትና ከአምስት ሶፕራኖዎች ይሰማል፣ ሳያስበው ጆሮው ይገራል። ዛሬ ትኬቱ በነጠላ፣ በስም ለገነነ ሥራ ወይም ዘፋኝ ብቻ ይገዛል። ሜትሮፖሊታን እንደገለጸው የነጠላ ትኬት ገዢዎች አማካይ ዕድሜ ከወረርሽኙ በፊት ከነበረው 50 ወደ 44 ወርዷል፤ እንደ ዘመነኛው የሙዚቃ ደራሲ ቴሬንስ ብላንቻርድ ሥራ ያሉ አዳዲስ ድርሰቶችም ከብዙ አሮጌ ድርሰቶች የተሻለ ገበያ አግኝተዋል። ይህ በእርግጥ ደስ የሚያሰኝ ነው። አዲሱ ታዳሚ አንድ ጊዜ መጥቶ እንዳይቀር፣ በሁለተኛው ዓመት ከሌላ ዘፋኝ ጋር እንዲያስተያይ የሚያደርግ መንገድ ግን ገና አልተገኘም።

በ2006 የተጀመረው የሜትሮፖሊታን የሲኒማ ቤት ቀጥታ ሥርጭትም በሁለት ወገን የሚታይ ነው። ከኒውዮርክ በሺህ ኪሎ ሜትር ርቆ ለሚኖር ወዳጅ ትልቅ ጸጋ ሆኗል። ሆኖም የኦፔራ ድምፅ ምሥጢር በአዳራሽ አየር ውስጥ መጓዙ ነው። ስዊድናዊው የድምፅ ተመራማሪ ዮሐን ሱንድበርግ እንዳሳየው፣ የሠለጠነ ዘፋኝ፣ በተለይ በወንዶችና በዝቅተኛ የሴት ድምፆች፣ በ3,000 ኸርዝ አካባቢ ልዩ የድምፅ ኃይል ያከማቻል፤ ኦርኬስትራው የሚበረታው ደግሞ በ500 ኸርዝ አካባቢ በመሆኑ፣ አንድ ሰው መቶ ያህል መሣሪያዎችን አልፎ 3,800 ያህል ሰው በሚይዝ አዳራሽ የኋላ ወንበር ላይ ይሰማል። ማይክሮፎን ይህን ልዩነት ይሰርዘዋል፤ በአዳራሹ የማይደርሰው ትንሽ ድምፅና ግድግዳ የሚያንቀጠቅጠው ትልቅ ድምፅ በሲኒማ ቤቱ እኩል ይሆናሉ። ካሜራውም ለፊት ቅርብ ስለሆነ ዳኝነቱ ከጆሮ ወደ ዓይን ይዞራል። በሲኒማ ብቻ የተማረ ወዳጅ ስለ ትወና ብዙ ያውቃል፤ ድምፅ በአዳራሽ ውስጥ ምን እንደሚሠራ ግን አልቀመሰም። ከዚህ ጋር ሲነጻጸር በ1983 በቶሮንቶ የተጀመረው፣ ትርጉሙን ከመድረኩ በላይ የሚያሳየው ጽሑፍ የጠቀመ ፈጠራ ነው፤ ቃሉን የማያውቅ ሰው ድምፁ ለምን እንደለሰለሰ ሊያውቅ አይችልምና።

የቀረው የትርኢቱ ነገር ነው። በቬሮና በሮማውያን ዘመን በተሠራው ጥንታዊ አሬና በ1913 የቨርዲ መቶኛ የልደት ዓመት ሲከበር «አይዳ» ቀረበች፤ ከዚያ ወዲህም የዚያ ሥፍራ ዋና ሥራ ሆና ቆይታለች። በሜትሮፖሊታን ከ1,100 ጊዜ በላይ ታይታለች፤ በ1988 የተዘጋጀው፣ ሐውልትና ፈረስ የበዛበት ግዙፍ ዝግጅት ለሠላሳ አምስት ዓመት ያህል ሲመላለስ ኖሮ፣ በ2024 መጨረሻ ማይክል ሜየር ባዘጋጀው፣ ታሪኩን በአርኪዮሎጂ አጥኚዎች ዓይን በሚያሳይ አዲስ ዝግጅት ተተክቷል፤ አይዳን የዘፈነችውም ኤንጅል ብሉ ናት። ድንጋዩ በብርሃን ሥዕል ቢለወጥም ልማዱ ያው ነው፤ ማስታወቂያው የሚያሳየው የድል ሰልፉን ነው፣ ገንዘቡም የሚፈሰው እዚያ ላይ ነው። በዚህ ተስፋ የመጣ ታዳሚ ከዕረፍት በኋላ ጨለማና ሁለት ሰው ብቻ ሲያገኝ ቢሰለች አይፈረድበትም። የተነገረው ሌላ፣ ያገኘው ሌላ ነው።

ቨርዲ ለመጨረሻው ትዕይንት መድረኩ በሁለት ፎቅ እንዲከፈል አዟል፤ ላይ በብርሃን የተሞላ ቤተ ጣዖት፣ ታች ደግሞ ድንጋዩ የተገጠመበት ጨለማ መቃብር ይታያል። ከታች ሁለቱ ፍቅረኞች ምድርን የሚሰናበቱበት ዜማ በአንድ ትልቅ ዝላይ ወደ ላይ ይወጣና በዝግታ ይወርዳል፤ ሁለቱም ያንኑ ዜማ በአንድ ድምፅ ይደግሙታል። ከላይ አምኔሪስ ጥቁር ለብሳ በድንጋዩ ላይ ተደፍታ፣ ከሥሯ ማን እንዳለ በሙሉ ሳታውቅ፣ ሰላምን ትለምናለች፤ ድምፅዋም ከፍ አይልም፣ በአንድ ድምፅ ላይ ይመላለሳል። ቫዮሊኖች እጅግ ከፍ ብለውና እጅግ ቀጥነው ዜማውን ይዘው ይቆያሉ፤ መጋረጃው የሚወርደው እነሱ ገና ሳያበቁ ነው። በብዙ ምሽቶች መጋረጃው እንደተንቀሳቀሰ ጭብጨባው ይፈነዳል፣ የመጨረሻዎቹ ድምፆችም ከሥሩ ይቀበራሉ። አልፎ አልፎ ግን በአዳራሹ ውስጥ የሚጠብቁ ሰዎች ይኖራሉ፤ ያን ጊዜ የቫዮሊኖቹ ድምፅ እስኪጠፋ ይሰማል፣ ከጠፋም በኋላ ለጥቂት ቅጽበት ማንም አይንቀሳቀስም።